አምስት ጊዜ ተመርምሬ ነፃ ተባልኩ፤ ፍርሃቱ ግን አልለቀቀኝም

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ የ28 ዓመት ወጣት ነኝ። ነሐሴ 24 ለሥራ ሐዋሳ ሄጄ ከማላውቃት ሴት ጋር አደርኩ። ኮንዶም ተጠቅሜያለሁ፤ መጨረሻ ላይ ግን ተቀዶ አገኘሁት። ከሳምንት በኋላ ሽንቴን ስጨርስ ጫፉ ላይ ያቃጥለኝ ጀመር። ፋርማሲ ሄጄ ሲፕሮ ለአምስት ቀን፣ ከዚያ ዶክሲ ለሰባት ቀን ወሰድኩ። ማቃጠሉ ቀንሷል፤ አልጠፋም። ብልቴ ላይ የማያሙ፣ እኩል እኩል የሆኑ ነጫጭ ፍሬዎች አሉ፤ ድሮም ይኑሩ አይኑሩ አላስታውስም። ብሽሽቴ ላይ ንፍፊት ይዳሰሰኛል፣ ምላሴ ነጭ ሆኗል። በየቀኑ በዴቶል እታጠባለሁ፣ ፈሳሽ እንዳለ ለማየት ጠዋት ጠዋት ጨምቄ አያለሁ። ኤች አይ ቪ አምስት ጊዜ ተመርምሬያለሁ፤ የመጨረሻው ጥቅምት 5 ነበር፤ ሁሉም ኔጋቲቭ። የሽንት ምርመራም ንጹሕ ነው ተባልኩ። ግን አላመንኩም። ሌሊቱን ስልክ ላይ ሳነብ ነው የሚነጋው። ጥር ላይ ሠርጌ ነው። እጮኛዬን ጨጓራዬን አሞኛል እያልኩ እሸሻታለሁ፤ እስካሁን ከእሷ ጋር ግንኙነት የለንም፣ አሁን ግን እሷ በጠጣችበት ሲኒ መጠጣት እንኳ ፈራሁ። የቀረኝ ምርመራ የትኛው ነው? ከእሷ ጋር መብላትና መጠጣትስ እችላለሁ? እባክዎ ይንገሩኝ።»

ምላሽ፦ ወንድሜ፣ የቀረህን ምርመራ እነግርሃለሁ፤ ቀኑንም ቆጥሬ እሰጥሃለሁ። ከጻፍከው ሁሉ በላይ ያሳሰበችኝ ግን «ግን አላመንኩም» ያልካት ናት። ሳታስበው ጣል ያደረግካት ትመስለኛለች። አምስት ምርመራ ያላሳመነውን ሰው ስድስተኛው ያሳምነዋል ብዬ ልዋሽህ አልችልም። ስለዚህ መጀመሪያ ገላህን እንይ፣ ከዚያ ወደ ፍርሃቱ እንመለሳለን።

ከነጫጮቹ ፍሬዎች ልጀምር። በዓይኔ ሳላይ ስም መስጠት አልወድም። ሆኖም እኩል መጠን ያላቸው፣ የማያሙ፣ ቆዳው ሲወጠር ጎላ የሚሉና ለሳምንታት ያልተለወጡ ከሆኑ ብዙውን ጊዜ የቆዳ የቅባት ዕጢዎች ናቸው። አሜሪካዊው የቆዳ ሐኪም ጆን አዲሰን ፎርዳይስ እ.ኤ.አ. በ1896 ስለጻፈባቸው በእሱ ስም «የፎርዳይስ ነጠብጣቦች» ይባላሉ። በብዙ ጤነኛ ወንዶች ላይ ይገኛሉ፤ ከንፈር ጠርዝ ላይም ይወጣሉ፤ ከማንም አይተላለፉም። ድሮ መኖራቸውን አለማስታወስህ አይግረምህ። ከነሐሴ 24 በፊት በስልክ መብራት ገላህን የፈተሽክበት ቀን ስለሌለ ነው።

የምትፈራቸው በሽታዎች መልክ ሌላ ነው። የብልት ኪንታሮት ላዩ ሻካራ ነው፣ እንደ አበባ ጎመን እየተቋጠረ በሳምንታትና በወራት ይበዛል። ኸርፒስ ውኃ የቋጠሩ ትንንሽ ፍሬዎች ሆኖ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ ይወጣል፤ ያቃጥላል፣ ይፈነዳል፣ ይቆስላል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ከግንኙነቱ በኋላ ከ2 እስከ 12 ባሉት ቀናት ነው። የቂጥኝ ቁስል በተለምዶ አንድ ነው፤ ጠርዙ ጠንከር ያለና የማያም። ከ10 ቀን እስከ 90 ቀን ባለው ጊዜ ይወጣል፤ የብዙው ሦስት ሳምንት አካባቢ ነው። ከርክር ደግሞ በጣም የሚያም፣ ጠርዙ የተቦጫጨቀ ቁስል ነው። ለሰባት ሳምንት ቁጭ ብሎ እንደ ሰሞሊና የተበተነ ነጭ ነጥብ ከእነዚህ ከአንዱም ጋር አይሄድም።

ማቃጠሉን ግን አላቃልለውም። ከጻፍካቸው ምልክቶች ሁሉ ሐኪም ዘንድ ሊወስድህ የሚገባው እሱ ነበር፣ አሁንም ነው። ጨብጥ በአብዛኛው ከ2 እስከ 7 ቀን ውስጥ ራሱን ያሳያል፤ ወንድ ላይ ሲወጣ ደግሞ መግል የመሰለ ፈሳሹ የውስጥ ሱሪ ላይ ስለሚታይ ብዙ የሚያጠራጥር አይደለም። ክላሚዲያ ስውር ነው። ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ቆይቶ ቀላል ማቃጠል ብቻ ሊያመጣ ይችላል፤ በብዙ ሰው ላይ ምንም ምልክት አያሳይም። አንተ ሐኪም ሳታይ መድኃኒት ገዝተሃል። ሲፕሮ በአገራችን ለጨብጥ የምንተማመንበት መድኃኒት መሆኑ ቀርቷል፤ ተሕዋስያኑ ለምደውታል። ሰባት ቀን የወሰድከው ዶክሲሳይክሊን ግን ለክላሚዲያ እኛም የምናዘው መድኃኒት ነው፤ በትክክለኛው መጠን ወስደኸው ከሆነ ያ በሽታ ኖሮም ቢሆን የመዳኑ ዕድል ከፍተኛ ነው። «ንጹሕ ነው» የተባልከው ተራው የሽንት ምርመራ ብግነት አለመኖሩን ይጠቁማል እንጂ ክላሚዲያን ለይቶ አያሳይም። ለይቶ የሚያሳየው በኮሮና ጊዜ ስሙን የለመድነው ፒሲአር ዓይነት ምርመራ ነው፤ በየጤና ጣቢያው ስለማይገኝ በትልልቅ የግል ላቦራቶሪዎች መጠየቅ ያስፈልጋል። በአብዛኛው የአገራችን ጤና ተቋም ሐኪሙ በምልክቱ ተመርቶ ለጨብጥና ለክላሚዲያ አንድ ላይ ያክማል። የሕክምና መመሪያችን እንደዚያ ነው። ስለዚህ ጤና ጣቢያ ሄደህ «ሳይመረምሩኝ መድኃኒት ሰጡኝ» ብለህ እንዳትከፋ።

አሁን ለቀረው ማቃጠል እኔ ከሁሉ በፊት የምጠረጥረው ዴቶሉንና ጠዋት ጠዋት የምትጨምቀውን ነው። አንድ ታካሚ ላስታውስህ፤ እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ። ገብቶ ሳይቀመጥ ስልኩን ዘረጋልኝ። አንድ ፎልደር ሙሉ ፎቶ ነው። የራሱ ገላ፤ በባትሪ ብርሃን፣ በመስኮት ብርሃን፣ የጠዋት፣ የማታ፣ ቀን ቀኑ ተጽፎበት። «የሰኞውንና የሐሙሱን ያስተያዩልኝ» አለኝ። አስተያየሁ። የሰኞው ቀላ፣ የሐሙሱ ነጣ ያለ ነው፤ የተለየው አምፖሉ ነበር። ከዚያ እሱን ራሱን ሳየው ቆዳው ደርቆ ተላጧል፣ ጫፉ ቀልቷል፣ በግራና በቀኝ ጥፍር ያረፈበት ምልክት አለ። በቀን አራት ጊዜ በዴቶል ይታጠባል፣ ማታ ፌጦ ቀጥቅጦ ይቀባል፣ በየሰዓቱ ይጨምቃል። የሽንት ቧንቧ እንደ ዓይን ሽፋን ስስ ነው፤ ደጋግመው ሲጨምቁት ይቆጣል፣ ጠብታ እርጥበትም ያወጣል፤ ያቺን ጠብታ ደግሞ ሰውየው «ፈሳሽ» ብሎ መዝግቧታል። ሁሉንም አስተውኩት። በውኃ ብቻ ታጠብ አልኩት፣ ለስላሳ ቅባት ሰጠሁት፤ በአሥር ቀን ቆዳው ዳነ። ፎቶዎቹን ከስልኩ ለማጥፋት ግን ሦስት ወር ፈጅቶበታል።

ጭንቀት ራሱም ሽንት ቤት ያመላልሳል። የዳሌ ጡንቻ ቀኑን ሙሉ ተኮማትሮ ሲውል ሽንት ሲያልቅ ጫፍ ላይ ያቃጥላል፣ ቆለጥንም ያጎትታል። ይህ ሕመም የውሸት አይደለም፤ ምንጩ ብቻ ሌላ ነው።

ንፍፊቱ ላይ ብዙ አልቆይም። ልጅ ሆኖ በባዶ እግሩ የሮጠ፣ እሾህ የወጋው፣ እግሩ የቆሰለ ሰው ሁሉ ብሽሽቱ ላይ የምትዳሰስ ትንሽ ዕጢ አትጠፋም። ክፍሌ ከሚገቡት ወንዶች ብዙዎቹ አላቸው። አተር የምታክል፣ በጣት ሥር የምትንሸራተት ከሆነች ተዋት፤ በየሰዓቱ ከጫንካት ታማለች፤ ታሞብህም «ይኸው አበጠ» ትላለህ። ካበጠች፣ ቆዳው ላይ ከቀላ፣ ወይም ከቁስል ጋር ከመጣች ግን ታይ። ምላስህ ሁለት ዓይነት ፀረ ተሕዋሲ ከወሰድክ፣ ካልተኛህና በደንብ ካልበላህ መንጣቱ አይገርመኝም። በኤች አይ ቪ ምክንያት የሚመጣው የአፍ ፈንገስ በአብዛኛው የሰውነት መከላከያ ለዓመታት ከተጎዳ በኋላ የሚታይ ነው።

ወደ ኤች አይ ቪው እንምጣ። ከነሐሴ 24 እስከ ጥቅምት 5 ጳጉሜን ቆጥረን 46 ቀን ነው። በዚህ ጊዜ የሚደረግ ፈጣን የደም ምርመራ በቫይረሱ ከተያዙ ሰዎች አብዛኞቹን ያሳያል። የመጨረሻ መልስ የምንለው ግን 90 ቀን ሲሞላ ነው፤ በምራቅ የሚደረገው የራስ መመርመሪያም እንዲሁ። 90ኛው ቀንህ ኅዳር 19 ነው።

የፈራ ሰውን ቁጥር ብዙም እንደማያረጋጋው አውቃለሁ፤ ሆኖም ጨለማ ውስጥ ሆነህ የምትገምተው ከእውነቱ ስለሚርቅ ልንገርህ። ቫይረሱ ካለባትና መድኃኒት ካልጀመረች ሴት ጋር ያለ ኮንዶም በሚደረግ አንድ ግንኙነት ወንዱ የመያዝ ዕድሉ በአማካይ ከ10,000 ውስጥ 4 ገደማ ነው። ቁስል ወይም ሌላ አባላዘር በሽታ ካለ፣ ወይም እሷ ገና በቅርቡ የተያዘች ከሆነ ይጨምራል። መገረዝ አደጋውን በ60 ከመቶ ገደማ እንደሚቀንስ በደቡብ አፍሪካ፣ በኬንያና በኡጋንዳ የተደረጉት ትልልቅ ጥናቶች አሳይተዋል። ሴትየዋ መድኃኒቷን በደንብ የምትወስድና ቫይረሱ በደሟ የማይታይ ከሆነ ደግሞ በግንኙነት አይተላለፍም። አንተ ዘንድ ኮንዶም ነበረ፣ የተቀደደውም መጨረሻ ላይ ነው። ዜሮ ነው አልልህም፤ ኅዳር የምትመረመረውም ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ለአንተ ጊዜው ቢያልፍም ሌላ አንባቢ ካለ ልናገር፤ በየሳምንቱ የሚያንገበግበኝ ነገር ነውና። ኮንዶም ሲቀደድ፣ ሰው ሲደፈር፣ መርፌ ሲወጋ በ72 ሰዓት ውስጥ የሚጀመር መከላከያ መድኃኒት አለ፤ 28 ቀን ይወሰዳል። የፀረ ኤች አይ ቪ ሕክምና በሚሰጥበት ሆስፒታልና ጤና ጣቢያ ይጠየቃል። በፈጠነ ቁጥር የበለጠ ይጠቅማል፤ ሌሊት ከሆነ ሌሊቱን መሄድ ነው። ነሐሴ 25 ጠዋት አንድ ሰው ይህን ቢነግርህ ኖሮ እነዚህ ሰባት ሳምንታት ሌላ መልክ በኖራቸው።

እንግዲህ የቀረህ ይኸው ነው። በዚህ ሳምንት አንድ ጊዜ ለማቃጠሉ ሐኪም ዘንድ ትሄዳለህ፤ የወሰድካቸውን መድኃኒቶች ባዶ ካርቶን ይዘህ ሂድ፣ ለሐኪሙ ትልቅ ሥራ ታቀልለታለህ። ከዚያ ከኅዳር ጽዮን ማግስት፣ ኅዳር 22፣ ኤች አይ ቪ፣ የቂጥኝ የደም ምርመራና የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ በአንድ ቀን ታደርጋለህ። ሄፓታይተስ ቢን ያነሳሁት በአገራችን ከኤች አይ ቪ ይልቅ በስፋት ያለ፣ በግንኙነትም የሚተላለፍ ሆኖ ሳለ የሚያስታውሰው ሰው ስለሌለ ነው፤ ነፃ ከሆንክ ክትባቱን ጀምር። ሁለት ቀጠሮ ብቻ። በመሀል ፈሳሽ፣ ቁስል፣ የእጅ መዳፍና የውስጥ እግር ላይ የወጣ ሽፍታ፣ ወይም ድንገተኛ የቆለጥ ሕመም ካየህ ቀጠሮ ሳትጠብቅ ሂድ። የቆለጡ ሕመም በሰዓታት ውስጥ መታየት ያለበት ነው፤ ከአባላዘር በሽታ ጋር ላይገናኝም ይችላል።

አሁን ወደ ልብህ።

የአባላዘር በሽታ ፍርሃት ራሱን የቻለ ሕመም መሆኑን ሐኪሞች ያወቁት ዛሬ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩ የአውሮፓ ሐኪሞች ቂጥኝ የሌለባቸው፣ ግን ቂጥኝ አለብኝ ብለው ከሐኪም ሐኪም የሚዞሩ ሰዎችን አይተው ለፍርሃቱ ስም አውጥተውለት ነበር። የእኛ አገር ፍርሃት ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። በኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታወቁት እ.ኤ.አ. በ1986 ነው፤ መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2005። በመሀል ያለውን እኔ ተማሪ ሆኜ ጫፉን ደርሼበታለሁ። ቁና ቁና የሚተነፍሱ የእኔ እኩዮች አልጋ አጥተው በኮሪደር ፍራሽ ላይ ተኝተው፣ እናቶቻቸው በማንኪያ አጥሚት ሲያቀምሷቸው አይቻለሁ። ከጎናቸው ቆመን የምንሰጣቸው ነገር አልነበረንም። ያ ትውልድ ለልጆቹ ያስተማረው በዚያ ሥዕል ነው፤ አንተ ገና ልጅ ሳለህ በግድግዳው ላይ ያየኸው፣ ቤት ውስጥ በሹክሹክታ የሰማኸው እሱን ነው። ዛሬ ሌሊት ጣሪያ እያየህ የምታስበው ራስህን በዚያ ፍራሽ ላይ ይመስለኛል።

ያ ዘመን አልፏል። ዛሬ ቫይረሱ በደማቸው ያለ ታካሚዎቼ በቀን አንድ ኪኒን ይውጣሉ፣ ይሠራሉ፣ ያገባሉ፣ ከቫይረሱ ነፃ የሆኑ ልጆች ይወልዳሉ። ጨብጥና ክላሚዲያ በመድኃኒት ይድናሉ። ቂጥኝ ገና በጅምሩ ከተገኘ በአንድ ቀን የፔኒሲሊን መርፌ ይድናል። ይህን የምልህ ይዞሃል ለማለት አይደለም። አልያዘህም ብዬ አስባለሁ። ሆኖም እጅግ የምትፈራው ነገር ቢመጣ እንኳ የሚጠብቅህ ያ ኮሪደር እንዳልሆነ እንድታውቅ ነው።

ሌላም ነገር አለ፤ ቅር እንዳይልህ። አንዳንድ ታካሚ ገብቶ «ዶክተር፣ የጋለ ድንጋይ ላይ ሸንቼ ነው» ብሎ ይጀምራል። የጋለ ድንጋይ ጨብጥ እንደማያመጣ እሱም ያውቃል። እኔም ቶሎ አላርመውም፤ የሚነግረኝ ማፈሩን ነውና። አንተ አላፈርክም፣ በቀጥታ ጻፍክልኝ፤ ግን ደብዳቤህ ውስጥ ሐዋሳና ጥር ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የታጨ ሰው ነህ፣ ከማታውቃት ሴት ጋር አድረሃል፣ ከብዶሃል። ያ ጸጸት መውጫ ሲያጣ በሽታ ይመስላል፤ «ይህን ሠርቼማ ዝም ብሎ አያልፈኝም» የሚል ስሜት ወደ ብሽሽትና ወደ ምላስ ይወርዳል። ላቦራቶሪ ለዚህ ምርመራ የለውም። ኔጋቲቭ የሚል ወረቀት ስትቀበል ያላመንከው ወረቀቱ ስለ ቫይረስ ብቻ ስለሚናገር ይመስለኛል። ጸጸቱን ወደሚሰማበት ቦታ ውሰደው። አማኝ ከሆንክ ንስሐ አባትህ ወይም የሃይማኖት መምህርህ አሉ፤ ካልሆንክ የምታምነው አንድ ታላቅህ ወይም ጓደኛህ። አንድ ሰው ይበቃል። ለሰባት ሳምንት ይህን ከስልክህ ጋር ብቻ ነው የተነጋገርከው።

ፍርሃቱ የሚኖረው በፍተሻ ነው። ትመረመራለህ፣ ኔጋቲቭ ነው፣ ሁለት ቀን ትተነፍሳለህ። በሦስተኛው ቀን «ደም የወሰደችው ልጅ ስም አሳስታ ቢሆንስ? ኪቱ ጊዜው አልፎበት ቢሆንስ?» ይመጣል። እንደገና ትመረመራለህ። እያንዳንዱ ምርመራ ያረጋጋል፤ ያረጋጋበት ጊዜ ግን እያጠረ ይሄዳል። የመጀመሪያው ለስንት ቀን እንዳሳረፈህ፣ አምስተኛው ለስንት ሰዓት እንዳሳረፈህ እስቲ አስታውስ።

ስለዚህ እስከ ኅዳር 22 ድረስ አትመረመርም። የራስ መመርመሪያ ኪት ቤትህ ካለ ዛሬ ለሌላ ሰው ስጠው ወይም አስወግደው። ገላህን በቀን አንድ ጊዜ ስትታጠብ እንደ ማንኛውም ሰው ታየዋለህ፤ መብራት አታበራበትም፣ አትጨምቅም፣ ፎቶ አታነሳም። ዴቶሉን ለወለል ተወው። ስልክህን ማታ ከመኝታ ክፍል ውጭ ቻርጅ አድርገው፤ ሌሊት የምታያቸው ፎቶዎች ሐኪም ለማስተማሪያ ብሎ የመረጣቸው ከባድ ከባዶቹ ናቸው፣ የብዙው ሰው ሕመም እንደዚያ አይመስልም። ጫት የምትቅም ከሆነ እነዚህን ሳምንታት ተወው፣ ቡናህንም ከምሳ በኋላ አቁም፤ እንቅልፍ ያጣ አእምሮ የመጣለትን ክፉ ሐሳብ ሁሉ ያምናል።

ሐሳቡ መምጣቱ አይቀርም፤ አታባርረው። ማታ 12 ሰዓት ላይ ሃያ ደቂቃ ስጠው፣ ደብተር ይዘህ ቁጭ በልና የፈራኸውን ሁሉ ጻፍ። ከዚያ ውጭ ሲመጣ «12 ሰዓት ላይ እናወራለን» ብለህ ወደ ሥራህ ተመለስ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ቢቀሰቅስህም እንዲሁ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ቀናት ይብስብሃል፤ እጅህ ወደ ብሽሽትህ ይሄዳል፣ ስልኩ ይጠራሃል፣ ልብህ ይመታል። ሳትፈትሽ ብትቆይ ያ ድንጋጤ ከፍ ብሎ ራሱ ይወርዳል፤ አንድ ጊዜ ሲወርድ ካየኸው ሁለተኛው ይቀልሃል። ብዙ ታካሚዎቼ ደብተሩ በሁለተኛው ሳምንት ላይ እየደገመ መሄዱን ራሳቸው ያዩታል። ያው ንፍፊት፣ ያው ምላስ፣ ያው ኪት።

ይህን ሁሉ ሞክረህ ካልተሻለህ፣ ወይም ኅዳር 22 ነፃ ተብለህ ታኅሣሥ ላይ እንደገና ጥርጣሬው ከገባ፣ ቀጣዩ ሐኪምህ እኔ አይደለሁም፤ የአእምሮ ሐኪም ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ ነው። የጤና ጭንቀት የታወቀ ሕክምና አለው። አስተሳሰብንና ልማድን አብሮ የሚያክመው የንግግር ሕክምና ይረዳል፣ ለአንዳንዱም መድኃኒት ይጨመርለታል። በብዙ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። «አማኑኤል» የሚለው ስም እንዳያስደነግጥህ፤ እዚያ በር ላይ ተራ ከሚጠብቁት ብዙዎቹ ማታ እንቅልፍ ያጡ፣ ቀን ሥራ የሚውሉ፣ እንደ አንተ ያሉ ሰዎች ናቸው። «ከእንግዲህ መኖሬ ምን ያደርጋል» የሚል ሐሳብ መጥቶብህ የሚያውቅ ከሆነ ግን ኅዳርን አትጠብቅ። ዛሬውኑ ለምታምነው ሰው ንገርና አብሮህ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ።

ስለ እጮኛህ አንድ ነገር ልበል። እስከ ኅዳር 22 ድረስ ግንኙነት አለመጀመርህ ትክክል ነው፤ እንደዚያው ይቆይ። ከሠርግ በፊት ደግሞ አብራችሁ ተመርመሩ። ብዙ ቤተ ክርስቲያኖችም ይህን ይጠይቃሉ፤ ባይጠይቁም ጥንዶች አብረው ገብተው ውጤታቸውን አብረው የሚሰሙበት አገልግሎት አለ። አንዱም ውጤት ፖዘቲቭ ቢሆን ለእሷ መናገር ግዴታህ ነው፤ እዚያ ላይ ምርጫ የለህም። ሁሉም ነፃ ከሆነ የሐዋሳውን ነገር ትነግራት እንደሆነ የምትወስነው አንተ ነህ። እኔ ብጠየቅ፣ ለሰባት ሳምንት በጨጓራ ሰበብ የተሸሸች ልጅ አንድ ነገር እንዳለ አውቃለች፤ ከግምቷ ይልቅ ከአንተ አፍ ብትሰማው እመርጣለሁ። ግን በፍርሃት ሌሊት 9 ሰዓት ላይ በቴሌግራም አትጻፍላት። ውጤትህን ይዘህ፣ ተኝተህ አድረህ፣ በቀን ብርሃን።

የመጨረሻ ጥያቄህ ስለ ሲኒው ነበር። ኤች አይ ቪም፣ ጨብጥም፣ ክላሚዲያም በሲኒ፣ በማንኪያ፣ በእንጀራ፣ በአንድ ማዕድ አይተላለፉም። አፍህ ውስጥ ቁስል የለብህም፤ የቂጥኝም ስጋት ቢሆን በሲኒ አይመጣባትም። ምላጭና የጥርስ ብሩሽ የየግላችሁ ይሁን፤ እሱ ለማንም ቤት ነው። ቅዳሜ ቤታቸው ቡና ሲፈላ ሂድ፤ እሷ ቀምሳ ብትሰጥህ ተቀብለህ ጠጣ። ጉርሻዋንም አትመልስ።